ጸጥ ያለው አራተኛ ክፍል

ባለፈው ጥር ለአጎቴ ልጅ ሠርግ አገር ቤት ወርጄ፣ ከግቢው ስገባ ሴቶቹ ከጓሮ ግራዋ እየወቀጡ የጠላ ጋን ሲያጥቡ ደረስሁ። መራራው የቅጠል ሽታ ከውኃው ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልሁ ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

«አንች ልጅ፣ ምን ገትሮ ያዘሽ? ግቢ እንጅ!» አለችኝ አክስቴ፣ እጇ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ሆኖ።

ሳቅሁ፤ ገባሁም። ልቤ ግን ከዚያ ግቢ አልነበረም። ግንድ ላይ በእግሬ ጣቶች ቆሜ፣ በጨርቅ ሰሌዳ የማጠቁር የአራተኛ ክፍል ልጅ ሆኜ ነበር።

በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ማጥቆር ዓርብ ዓርብ የሴት ልጆች ሥራ ነው። ሰሌዳው ከጭቃው ግድግዳ ላይ የተቸነከረ ኮምፖንሳቶ ነበር። የሞተ የሬዲዮ ባትሪ ሰብረን፣ ከውስጡ ያለውን ጥቁር ነገር በድንጋይ ፈጭተን፣ በግራዋ ጭማቂ እናቦካዋለን። ከዚያ በጨርቅ እየነከርን መቀባት ነው። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ ደርቆ፣ ጠቁሮ ይጠብቀናል። ስለዚህ ለእኔ አማርኛውም፣ ሒሳቡም፣ እንግሊዝኛውም ሽታቸው አንድ ነበር። ሁሉም ግራዋ ግራዋ ይላሉ።

ትምህርት ቤቱ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ጉብታ ላይ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ግንድ። ቆርቆሮው ሚስማር የተነቀለበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ፀሐይ በየቀዳዳው ቀጭን ቀጭን ክር እየሰደደች ወለሉ ላይ ትጽፋለች። የጠመኔው ብናኝ በክሩ ውስጥ ሲዋኝ አያለሁ። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ብናኙ ኮከብ ይሆናል።

አስተማሪያችን መምህር ይሄይስ ይባላሉ። እኛ «ቲቸር» እንላቸዋለን። ከግቢያችን ዳር ያለችውን የቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ስለሚኖሩ እኔ በሁለት መልክ ነው የማውቃቸው። ትምህርት ቤት ሸሚዛቸው የነጣ፣ ቁመታቸው ከበሩ ጉበን ሊደርስ ምንም ያልቀረው ሰው ናቸው። እቤት ደግሞ በርጩማ ላይ ጉብ ብለው ካልሲያቸውን የሚያጥቡ፣ ከእናቴ ጋር ስለ ዝናቡ የሚያወጉ ሌላ ሰው።

ፊደል ያስቆጠሩን እሳቸው ናቸው። አንደኛ ክፍል ሳለን ዝናብ ያረጠበው እርሻ ላይ ያወጡንና፣ በዱላ አውድማ የሚያክል ፊደል ይጽፋሉ። «በእግራችሁ አንብቡ!» ይሉናል። እኛም በፊደሉ መስመር ላይ እንሮጣለን። «መ» ላይ ሁለቱን ክብ ዞረን ዞረን፣ ራሳችን እስኪዞር። ጥያቄ ከጠየቅናቸው ደግሞ ሙክት የተሰጣቸው ያህል ነው ደስ የሚላቸው። «ይኼ ነው ጥያቄ!» ብለው እጃቸውን ያጨበጭባሉ።

ጥያቄ የምታበዛው ስመኝ ነበረች። ስመኝ የአያ ታከለ ልጅ፣ የጎረቤቴና የግንድ ተጋሪዬ ናት። ሁለተኛ ክፍል ሆና የጨው ጆንያ ላይ ያለውን፣ የሳሙና ልባስ ላይ ያለውን፣ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ታነባለች። አንድ ቀን ተነሥታ «ቲቸር፣ ዜሮን ማን ወለደው?» ብላ ጠየቀች። ቲቸር ያን ቀን ሙሉ እየሣቁ ዋሉ። ማታ ለእናቴ ነግረዋት እሷም ሣቀች።

አራተኛ ክፍል የገባን መስከረም፣ ኑጉ አብቦ አገሩ ሁሉ ቢጫ ነበር። ሦስተኛ ክፍል የምታስተምረው ሴት በክረምቱ አግብታ ፍኖተ ሰላም ገብታለች አሉ። በምትኳ የመጣ የለም። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ እየተባለ ዘወትር ወደ ከተማ ነው። ስለዚህ ቲቸር ጠዋት ሦስተኛንና አራተኛን በአንድ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንደኛን እንዲያስተምሩ ሆነ።

መጀመሪያ ሮጡ። ሰሌዳውን መሐል ለመሐል በመስመር ከፈሉት፤ በግራ ሦስተኛ፣ በቀኝ አራተኛ። ለነዚያ መደመር አሳይተው ወደኛ ይመጣሉ፤ ለኛ ማካፈል ጀምረው፣ ከነዚያ ወገን አንዱ ሲያለቅስ ወደዚያ ይሄዳሉ። የጀመሩልን ነገር ሳያልቅ ያድራል። ጥቅምት ሲገባ ድምፃቸው ሻከረ። አመሻሽ ላይ የሁላችንንም ደብተር ተሸክመው ይመጡና፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጭነቱን ጉልበታቸው ላይ ያደርጉታል። እስኪብርቶ በእጃቸው ይዘው ጀምበር እስክትጠልቅ ያዩታል። አይከፍቱትም። ያዩታል ብቻ።

ከዚያ ይነሡና ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ወዳለው ኮረብታ ይወጣሉ። ከታች ሆኜ ሳያቸው ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ፤ ቆይተው ደግሞ እጁን ወደ ጆሯቸው ያመጡታል። ከሰማይ የሚጥል ነገር ያለ፣ እሳቸውም የሚቀልቡት ይመስለኝ ነበር። ለካ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ኖሯል። ባለቤታቸውና ትንሽ ልጃቸው ደምበጫ ናቸው፤ ወደነሱ ነበር የሚደውሉት።

ሲወርዱ እናቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቃቸዋለች።

«ምነው፣ አስተማሪው፣ ዛሬም አልመጣም?»

«አልመጣም፣ እትዬ። ዘንድሮም ዝውውር የለም አሉ።»

«ውይ! ይኼን ያህል ዓመት ሰው ያስጠብቃል እንዴ?»

እኔ ዝውውር ሰው መሰለኝ። ረጅም፣ ዘንግ የያዘ፣ ግዴለሽ ሰው። መንገድ ላይ በየቤቱ ጎራ እያለ ጠላ የሚጠጣና ቲቸር እንደሚጠብቁት ረስቶ የሚቀመጥ። ተናደድሁበት። ከብት ውኃ ሳወርድ መንገዱን አያለሁ። አንድ ቀን በጋሪ የማላውቀው ሰውዬ ሲመጣ አስቆምሁት።

«ዝውውር ማለት እርስዎ ነዎት?»

ሰውዬው የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ጋሪውን አስቁሞ ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሣቀ። «አይደለሁም፣ የኔ ልጅ። ካገኘሽው ግን የእኔንም እህት አደራ በይልኝ። ነርስ ናት፤ ሽንዲ ላይ ሆና ስትጠብቀው ልታረጅ ነው» አለኝና ፈረሱን ቸብ አደረገው።

እናቴ ነገሩን ስነግራት በሣቅ ፈረሰች። ዝውውር ሰው እንዳልሆነ፣ ቲቸር ወደ ሚስታቸው አገር ተዛውረው እንዲሠሩ የሚፈቅድ ወረቀት እንደሆነ አስረዳችኝ። ሣቋን ስትጨርስ ግን ዓይኗን ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ወረወረችና «ምስኪን» አለች።

ኅዳር ላይ ቲቸር እየጠፉ መጡ። እንዴት ብዬ ልንገር። ይመጣሉ፤ አንድም ቀን አልቀሩም። ሸሚዛቸውም ንጹሕ ነው። ግን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉትና «ገልብጡ» ብለው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ በቃል ያሉትን በኋላ በአገጫቸው ማሳየት ጀመሩ። አንድ ቀን አንድ ቃል መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጠመኔው ከሰሌዳው ሳይነሣ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ ደንጋይ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው ተቀመጡ። እኛም ግማሹን ቃል ገለበጥን። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ደብተር ላይ ያ ግማሽ ቃል አለ።

ስመኝ አላስቻላትም። «ቲቸር፣ ስናካፍል የሚተርፈው፣ ያ ቀሪው፣ የት ነው የሚሄድ?» አለች።

ቲቸር ቀና አሉ። ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብለው አዩዋት።

«ስመኝ» አሉ፤ «እባክሽ።»

ቢቆጡን ይሻለን ነበር። አስተማሪ ልጅን «እባክሽ» ሲል ሰምተን አናውቅም። ስመኝ ግንዷ ላይ ቁጭ አለች።

ለእናቴ ነገርኋት። እሳቱን በጭራሮ እየቆሰቆሰች አዳመጠችኝና «ሰውዬው ደክሞታል» አለች። «ሰው ሲደክመው ጥያቄም ሸክም ነው። አትነዝንዙት።»

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የእናቴን ቃል ለጓደኞቼ አደረስሁ። ስመኝ ጣቷን ጥርሷ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ፈረደች፤ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቲቸርን አይጠይቅም። ሸክም አንጨምርባቸውም።» ሁላችንም በማርያም ማልን።

ጸጥታው የጀመረው እንደዚያ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጸጥታ እወደው ነበር። በሩ ክፍት ነው። ከማዶ፣ በአያ ታከለ እርሻ ላይ የተለቀመው በርበሬ መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ ቀይ ጋቢ የተነጠፈ ይመስላል። ነፋስ ሲመጣ ሽታውን ያመጣውና አንዱ ያስነጥሳል፤ ያስነጠሰውን ልጅ ጎኑ ያለው በነጠላ አፉን ያፍነዋል። ርግቦች ቆርቆሮው ላይ ሲራመዱ ጥፍራቸው ቂጭ ቂጭ ይላል። ከኑጉ የተረፈች ንብ ትገባና፣ በፀሐዩ ክር ላይ ወጥታ ወርዳ ትሄዳለች። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ራሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ይተኛሉ። ቲቸርም መስኮቱ ሥር ዓይናቸውን ገልጠው የተኙ ይመስለኛል። እኛ አራተኛዎቹ እንደ ታናሽ ወንድም እንጠብቃቸዋለን። ደብተር ስንገልጥ እንኳ ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ በሁለት ጣት ነው። ከውስጤ የሆነ ነገር እየለሰለሰ፣ እየሞቀ ይመጣል፤ የክፍሉ ግድግዳ ይርቃል፤ እኔም እሳቸው ወደሚያዩት ሩቅ አገር የምሄድ ይመስለኛል። አንድ ላይ አንድ ሕልም እያለምን ነው የምንውለው።

ጽሕፈቴ አማረ። የሚለውን ግን አላውቀውም። የእንግሊዝኛውን ፊደል የዶሮ እግር እንደምሥል እሥለዋለሁ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ የሞላውን ገጽ እያገላበጠች «ልጄ ተማረችልኝ» ትላለች። እኔም የተማርሁ ይመስለኝ ነበር።

ግንዶቹ ግን እየሳሱ ሄዱ። ለበርበሬ ለቀማ የቀረው ልጅ በርበሬው ሲያልቅም አልተመለሰም። ድሮ ቲቸር ልጅ ሲቀር ወንዝ ተሻግረው እቤቱ ይሄዱ ነበር። አሁን ስም አይጠሩም። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ አያዩም።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ማኅበሩ የአያ ታከለ ተራ ነበር። ከእናቴ ጋር ሄድሁ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጠላው ከተቀመሰ በኋላ አንዱ ማኅበርተኛ ከቡሬ የገዛውን የነቀዝ መድኃኒት ከኪሱ አወጣ። «ምን ያህል እንደሚደረግ ላዩ ላይ ተጽፏል አሉኝ። ከበዛ ሰው ይመርዛል አሉ፤ ካነሰም ነቀዙ ይስቅብኛል» አለ።

አያ ታከለ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ስመኝ! ነይ አንብቢላቸው። አራተኛ ክፍል እኮ ናት» አሉ።

ስመኝ መጣች። አነበበች፤ እየተንገዳገደች፣ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየደገመች፣ ግን አነበበች። የተጻፈው ለአሥር ኩንታል እህል የሚሆነው ልክ ነው።

«የኔ በቆሎ አራት ኩንታል ናት። ለእሷ ስንት ላድርግ?» አለ ሰውዬው።

ስመኝ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጣቷን ማጠፍ ጀመረችና ተወችው። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያው የክፍላችን ጸጥታ ነበር፤ እዚያ ግን እንደ ጋቢ የሚሞቀው፣ እዚህ ፊት ያቃጥላል።

«አራተኛ ክፍል ነሽ አይደል?» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ነኝ፣ አባ።»

«ታዲያ?»

«አልጠየቅንም።»

«ምን?»

«ቲቸር ደክሟቸዋል። ጥያቄ አንጠይቃቸውም።»

ማኅበርተኛው ሣቀ። አያ ታከለ አልሣቁም። ሰዉ ከሣቁ ሲመለስ ለእናቴ፣ ለሌላ ሰው የሚናገሩ በሚመስል አነጋገር፣ «ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ቤት የምትይዝላት ልጅ አጥታለች። ጥምቀት ሲያልፍ ስመኝን እሰዳታለሁ። ጸጥ ብሎ መቀመጡን እንደሆነ እዚያም ትማረዋለች» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስመኝ አልመጣችም። ጎኔ ያለው ግንድ ቀዘቀዘ። ቲቸር አላስተዋሉም። ቀናት አለፉ፤ እኔ ግን መሐላውን መሸከም አቃተኝ። አንድ አመሻሽ፣ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያዩት፣ ፊታቸው ሄጄ ቆምሁ።

«ቲቸር።»

«እ።»

«ስመኝ ከእንግዲህ አትመጣም። ባሕር ዳር ልትላክ ነው።»

ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ለምን?»

«ማካፈል አትችልም።»

«ስመኝ? ስመኝ ማካፈል አትችልም?»

«እኛም አንችልም።»

«ለምን አልጠየቃችሁኝም ታዲያ?»

«እማ አትነዝንዙት አለች። ሲደክም ጥያቄ ሸክም ነው ብላ። ከዚያ ማልን።»

ቲቸር እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ጀምበሯ በእሳቸው ትይዩ ስለነበረች ከፀሐይ የሚከለሉ መሰለኝ። ቆይተው እጃቸውን ሲያወርዱ ፊታቸው እርጥብ ነበር። ደብተሩን ሁሉ መሬት ላይ አስቀምጠው ተነሡ፤ ኮታቸውን ለበሱ።

«ነይ» አሉኝ፤ «አብረን እንሂድ።»

አያ ታከለ ግቢያቸው ውስጥ የተሰጣውን በርበሬ በመንሽ እየገለበጡ ነበር። ሰላምታው ረዘመ፤ ከብቱ ደኅና ነው፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ተባባሉ። «ይቀመጡ እንጅ፣ አስተማሪው» አሉ አያ ታከለ። ቲቸር አልተቀመጡም።

«ስለ ስመኝ ነው የመጣሁ። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ አያ ታከለ። የኔ ነው።»

«እኔ ምን አልሁ? እኔ እኮ እህቴ ቤት የሚይዝላት አጣች ነው ያልሁ።»

«ደክሞኛል» አሉ ቲቸር።

አያ ታከለ መንሹን አቆሙ።

«ተኝቼ ስነሣ ደክሞኛል። ልጆቹ ፊት ስቆም ቃሉ አይመጣልኝም። የማውቀው ሁሉ አለ፤ ግን ከማዶ ነው፤ እጄ አይደርስበትም። ሰነፍህ ብዬ ራሴን ሰደብሁት። ስድቡም አልሠራም።»

«ታመው ይሆን?»

«ሐኪሙ ምንም የለብህም አለኝ።»

አያ ታከለ ጎንበስ አሉ። ከበርበሬው መሐል አንድ የበሰበሰ አውጥተው ወረወሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «በሬ እርሻ መሐል ሲተኛ ሁለት ዓይነት ገበሬ አለ። አንዱ ይገርፋል፤ አንዱ ቀንበሩን ይፈታል። የገረፈው በማግሥቱ ቆዳ ነው የሚሸጥ። ይኼን እኛም አናጣውም ነበር፣ አስተማሪው። ምናለ ቀድመው ቢነግሩን?»

«አፈርሁ።»

«ያፈሩ እርስዎ፣ የከሰሩ ልጆቻችን።»

ቲቸር አንገታቸውን ደፉ። «እውነት ነው» አሉ።

ስመኝ ከበሩ ኋላ ብቅ አለች። ዓይኗ ደም መስሏል። በርበሬው መሰለኝ። ቲቸር ሲያዩዋት እሷም አቀረቀረች፤ ሁለቱ እንደዚያ መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። አያ ታከለ ከአንዱ ወደ አንዱ አይተው፣ «እንግዲህ እስከ ጥምቀት ልይ» አሉ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቶች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። እናቴም ሄደች። እዚያ የተቆረጠው ነገር ይኼ ነው፦ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ እቤቷ የተቀመጠችው መቅደስ ሦስተኛንና አንደኛን ትይዛለች፤ የቤተሰቧን በርበሬ መንደሩ በደቦ ያነሣላታል። መምህር ይሄይስ ደግሞ ደምበጫ ሄደው ጥምቀት እስኪያልፍ ከቤተሰባቸው ጋር ይቆያሉ። ርዕሰ መምህሩ «መመሪያው አይፈቅድም» ብለው ተከራከሩ አሉ። አያ ታከለም «መመሪያው ልጅ የለውም፤ እኛ ግን አለን» ብለው መለሱላቸው።

ጋሪው ሊወስዳቸው ሲመጣ እናቴ ቆሎ በከረጢት ሰጠቻቸው። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ይዘው ወጡ። ፈረሱ በአቧራው ውስጥ እየደበዘዘ፣ እየቀጠነ ሄዶ ከባሕር ዛፉ ጥላ ጋር አንድ ሆነ። የሚመለሱ አልመሰለኝም። ወደ ሩቅ አገራቸው ጠቅልለው የገቡ መሰለኝ። ስመኝም እንደኔ ሳታስብ አልቀረችም፤ ለባሕር ዳር የምትለብሰውን ቀሚስ አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታው ነበር።

ጥምቀት መጣ። ታቦቱ ወርዶ፣ አድሮ፣ ገባ። ልጁ ሁሉ ሲጨፍር እኔና ስመኝ መንገድ መንገድ እናያለን። ቃና ዘገሊላም አለፈ። በማግሥቱም የመጣ ሰው የለም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሪ ቆመ፤ ቲቸር ወረዱ። ጢማቸው ተላጭቷል። ጉንጫቸው ትንሽ ሞላ ብሏል። ሌላ የተለወጠ ነገር አላየሁባቸውም።

«ደምበጫ ምን ሲሠሩ ከረሙ?» አለቻቸው እናቴ ውኃ እያቀረበች።

«ተኛሁ፣ እትዬ። ልጄ ሆዴ ላይ ቁጭ ብላ ትጫወታለች፤ እኔ እተኛለሁ። ሌላ ምንም አልሠራሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርና ወደ አንዲት ጠዋት ልመለስ። ስመኝ ባሕር ዳር አልሄደችም። የአራተኛ ክፍልን መጽሐፍ ግን አልጨረስነውም፤ ግማሹንም አልደረስን። ወንዝ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት አምስተኛ ስንገባ፣ ከሌላ ቦታ የመጡት ልጆች እየቀደሙን በሒሳብ ያለቀስንበት ቀን ብዙ ነው። ለበርበሬ ለቀማ ከቀሩት አንዳንዶቹ ወደ ግንዳቸው ሳይመለሱ አደጉ። ቲቸርም እንደ አንደኛ ክፍሉ ጊዜ አልሆኑም። አንዳንድ ቀን ዓይናቸው መራቅ ሲጀምር እኛው እናውቀዋለን። ያኔ ግን እሳቸው አይደብቁም፤ «ዛሬ ደክሞኛል፤ እስቲ እናንተ አስተምሩኝ» ይላሉ፤ ከኛ አንዱ ይነሣል። ዝውውሩ እኛ ከዚያ ከወጣን በኋላ ነው የደረሳቸው።

ያች ጠዋት ሰኞ ነበረች። መቅደስ ሦስተኛዎቹን ይዛ ደጅ ዛፍ ሥር ወጥታለች፤ ክፍሉ ለኛ ለአራተኛዎቹ ብቻ ቀርቷል። ስመኝ ጎኔ ተቀምጣለች። ቲቸር ገቡ፤ ሰሌዳው ላይ አልጻፉም። ጀርባቸውንም አልሰጡንም። ፊት ለፊታችን ቆመው፣

«ማካፈል ያልገባው እጁን ያውጣ» አሉ።

ማንም አላወጣም። ፈርተን አይደለም። ዝም ማለት ከመልመዳችን የተነሣ፣ እጃችን መነሣት የረሳ ይመስል ነበር። ደግሞም ገና ከመምጣታቸው ማን ደፍሮ ሸክም ይጭንባቸዋል? እሳቸው ግን ጠበቁ። አልተቆጡም፤ መስኮቱ ሥር ሄደውም አልተቀመጡም። ከውጭ የሦስተኛዎቹ ድምፅ ይሰማል፤ እኛ ዘንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። ወደ ስመኝ አየሁ። መሐላውን ያስማለችን እሷ ናት፤ የምትፈታውም እሷ እንደሆነች ሁላችንም ገብቶናል። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ ከፍ አለ።

«አልገባኝም፣ ቲቸር» አለች ተነሥታ።

«ጎበዝ። ከየት ጀምሮ ነው ያልገባሽ?»

ስመኝ አሰበች። ወደ እኛ ዞራ አየችን፤ ወደ ጣሪያው አየች።

«ከመስከረም ጀምሮ» አለች።

ቲቸር የተመታ ሰው ይመስል ደረታቸውን ያዙ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከሆዳቸው የሆነ ነገር ገንፍሎ ወጣ፤ ሣቅ ነው። ያን ሣቅ ረስተነው ነበር። እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ፤ እኛም ሣቅን። ከሣቁ መሐል አንዱ እጁን አወጣ፣ ሌላው አወጣ፣ እኔም አወጣሁ፤ ክፍሉ ሙሉ እጅ ብቻ ሆነ።

ቲቸር ከጠረጴዛው ዞረው መጡና፣ በእኔና በስመኝ መካከል ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ግንዱ አጭር ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ዘንድ ደረሰ።

«ጠጋ በሉልኝ» አሉ። «እንግዲያስ ከመስከረም እንጀምራለን። መስከረም ላይ ምን ብያችሁ ነበር?»

ተያየን። ያስታወሰ ልጅ አልነበረም።

«እኔም አላስታውስም» አሉና ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ።